ሚዛን የጨመረው ሁሉ ስብ አይደለም
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኀዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር፤ ሸዋ ሮቢት)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የሰውነት ክብደት ነው። «በዚህ ቆላ ፀሐዩ ራሱ እያቀለጠን ስለ ውፍረት ምን ይወራል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በየቤታችን እየገቡ ነው፤ ሐኪም «ክብደት ቀንስ» ያለው ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ከነዚህ አንዱ እኔ ነኝና የምናገረው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው።

ጠዋት ጠዋት በአስፋልቱ ዳር ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ መራመድ ጀመርኩ። ስኳርና ዘይት ቀነስኩ፤ እንጀራውንም ከሁለት ወደ አንድ አወረድኩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 3 ኪሎ ወረደልኝና ደስታዬ ወሰን አጣ። በሦስተኛው ሳምንት ግን መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ዘንድ ብመዘን «ጋሼ፣ ሁለት ኪሎ ጨምረዋል» አለኝ። እንዴ! ምን በልቼ? ተናደድኩ። እራት ተውኩ፤ ውሃም ቀነስኩ፤ እንዲያልበኝ ብዬ ወፍራም ሹራብ ለብሼ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ፀሐይ ውስጥ ወጣሁ። በማግስቱ ያ ሁለት ኪሎ ወረደ፤ እኔም «አሸነፍኩ» አልኩ። በሦስተኛው ቀን ዐይኔ ጨለመብኝና መንገድ ላይ ወደቅሁ። ተሸክመው ጥላ ሥር ያስገቡኝ፣ ስነቃም ውሃ ያጠጡኝ እዚሁ የተቀመጡ ጎረቤቶቼ ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ያ የጨመረው ሁለት ኪሎ ምን ነበር? የሚለው ነው። እስቲ እንደ ነጋዴ እናስላው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ለማጠራቀም ከ7,000 ካሎሪ በላይ ትርፍ ምግብ ያስፈልጋል። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚበቃው ከ2,000 እስከ 2,500 ካሎሪ ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር፣ ከዕለት ምግቤ ሌላ የስድስት የሰባት ቀን ምግብ በአንድ ጊዜ መብላት ነበረብኝ። ይኼ ደግሞ አይሆንም። ስለሆነም ሚዛኑ ያየው ሌላ ነገር ነው።

አንደኛ፣ ውሃ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ሲጠጣ ይጨምራል፤ በላብ ሲወጣ ይቀንሳል። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) የዱባይን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ ሲያሸንፍ፣ ከሰውነቱ ክብደት አሥር ከመቶ የሚጠጋ ጎድሎበት ነበር። በሁለት ሰዓት ያን ያህል ስብ አይነድም፤ የጎደለው በአብዛኛው ላብ ነው። እኛ ደግሞ ከደብረ ሲና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብለን በሙቀት የምንኖር ነን። ቁጭ ብለንም ያልበናል።

ሁለተኛ፣ ስንቅ። ሰውነታችን ከእንጀራውና ከዳቦው የሚያገኘውን ጉልበት በጡንቻና በጉበት ያስቀምጣል። አንዱ ግራም ስንቅ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ምግብ ስንቀንስ አስቀድሞ የሚወጣው ይኸው ስንቅ ከነውሃው ነው። መጀመሪያ በፍጥነት የምንቀንሰው፣ ኋላም የምንዘገየው ለዚህ ነው። ከሁዳዴ ጾም በኋላ በፋሲካ፣ ከረመዳንም በኋላ በዒድ፣ በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ቢጨምር የዚሁ ስንቅ መመለስ ነው እንጂ የጾሙ ወራት ሁሉ ከንቱ ሆኖ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ጨው። ጨው ውሃ ይይዛል። ማታ ጨው የበዛበት ወጥ የበላ ሰው ጠዋት ከብዶ ይነሣል።

አራተኛ፣ ሥራ ያለመደ ጡንቻ። ስፖርት ስንጀምር ጡንቻችን የሚያመን በጥቂቱ ስለሚጎዳ ነው፤ እስኪጠገንም ውሃ ይቋጥራል። «ስፖርት ጀመርኩና ወፈርኩ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኼ ነው።

አምስተኛ፣ እናቶችና እህቶች የወር አበባ ሊመጣ ሲል አንድ ሁለት ኪሎ ሊጨምሩ ይችላሉ። የሆድ ድርቀትም ያከብዳል።

ስድስተኛ፣ ሚዛኑ ራሱ። ድንጋይና አፈር ላይ የተቀመጠ ሚዛን እውነቱን አይናገርም። ከነጫማ፣ ከነኮት፣ ከምሳ በኋላ መመዘንም እንዲሁ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰን ምንም ሳንቀምስ እንመዘን። ቁጥሩን በደብተር እንጻፍ። የዛሬን ከትናንት ጋር ሳይሆን፣ ይህን ወር ካለፈው ወር ጋር እናስተያይ። ሚዛን ያጣ ሰው ክር ይውሰድ፤ ወገቡን በእምብርቱ ትይዩ ለክቶ ቋጠሮ ያሥር፤ በወሩ ደግሞ ይለካ። ቋጠሮው ከተሻገረ ሚዛኑ ምንም ቢል ሥራው እየሠራ ነው።

ውሃ አንከልክል። ሽንት ከጠቆረ ውሃ ጎድሏል ማለት ነው። የምንራመደውም ፀሐይ ሳይበረታ ይሁን። ለማላብ ብሎ ላስቲክና ሹራብ መልበስ፣ ለማስቀመጥ ብሎ ኮሶ ወይም የሆድ ማለስለሻ መውሰድ ውሃ እንጂ ስብ አያስወጣም፤ በእኛ ሙቀት ግን ሰው ይጥላል። የስኳርና የግፊት መድኃኒት የምትወስዱም ምግብ ከመቀነሳችሁና ከመጾማችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ሁሉም የክብደት መለዋወጥ የዋህ አይደለም። ሳትፈልጉት ክብደታችሁ እየቀነሰ ከሄደ፣ በተለይ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ወይም ብርቱ ጥማትና የሽንት መብዛት ካለበት፣ «ከሳሁ፣ እሰይ» ሳትሉ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሦስት ቀን ክብደት ጨምሮ እግር ካበጠና ትንፋሽ ካጠረም የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን አታሳድሩ።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከወርኀዊ መዋጮው ትንሽ ቀንሰን አንድ ሚዛን ገዝተን፣ በአዳራሻችን የሲሚንቶ ወለል ላይ እናስቀምጥ። የፈለገ ሰው በሳምንት አንድ ጠዋት መጥቶ ይመዘን፤ ማንም የሌላውን ቁጥር አይጠይቅ። እኔ ብቻዬን ከሚዛን ጋር ስጣላ መንገድ ላይ ወድቄያለሁ። አብረን ብንሆን ኖሮ ከእናንተ አንዱ «ተው፣ ውሃ ጠጣ» ይለኝ ነበር።