ለመጀመሪያ የሱቅ ሥራ ስንጠየቅ ምን እንመልስ?

(በፍሪስኮ በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)



ከምሳውና ከጭፈራው በፊት ጥቂት ደቂቃ የወሰድነው ስለ ሥራ ቃለ መጠይቅ ለመነጋገር ነው። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ከመካከላችን ብዙዎቹ የመጀመሪያውን የቤት ኪራይ የከፈሉት ከሱቅ ባገኙት ደመወዝ ነው። ልጆቻችንም ሥራን የሚጀምሩት እዚያው ነው።

በ2000 የሕዝብ ቆጠራ 33,714 ነዋሪዎች የነበሯት ፍሪስኮ በ2020 ቆጠራ 200,509 ደርሳለች። ስቶንብራየር የገበያ ማዕከል በ2000፣ አይኬአ በ2005፣ ኤች ኢ ቢ በ2022 ተከፍተዋል። ሥራው አለ፤ ከደጃፍ የሚመልሰን ሌላ ነገር ነው።

ከአባሎቻችን አንዲት እናት መርካቶ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሱቅ ነግደዋል። እዚህ ለገንዘብ ተቀባይነት ቀርበው «ልምድ አለዎት?» ቢባሉ «የለኝም» ብለው ተመለሱ። ለምን እንዲህ እንዳሉ ስንጠይቃቸው «የራሴ ሱቅ ነበር እንጂ ተቀጥሬ አላውቅም» አሉን። ሒሳብ ሲይዙ፣ ዕቃ ሲቆጥሩ፣ የተቆጣ ደንበኛ ሲያባብሉ የኖሩ ሰው ያን ሁሉ ልምድ በአንድ ቃል ጣሉት። በኋላ ከእኛ ጋር ጥቂት ምሽት ተለማምደው በሌላ ሱቅ ተቀጠሩ።

ያደግነው «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው። ራስን ማመስገን ነውር፣ ታላቅን ዓይን ለዓይን ማየት ድፍረት ነው። እዚህ አገር ግን ጠያቂው ይህን ጨዋነት ሥራውን እንዳልፈለግነው አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ያው የአገራችን ሰው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለቱንም አንርሳ።

አንደኛ፣ ልምዳችንን በታሪክ እንናገር። «ታታሪ ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። የገጠመንን፣ ያደረግነውንና የተገኘውን ውጤት በአጭሩ እንንገራቸው። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በዕድር ያገለገልነውም ልምድ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰዓት እውነቱን እንናገር። ሱቆች ቅዳሜና እሑድ ሰው ይፈልጋሉ። «ሁልጊዜ እችላለሁ» ብሎ ተቀጥሮ በሁለተኛው እሑድ ከመቅረት፣ «ከቅዳሴ በኋላ እስከ መዝጊያ እሠራለሁ» ማለት ይሻላል። ፍሪስኮ የዳርት አባል ከተማ ስላልሆነች፣ በምን እንደምንመጣም አስቀድመን እንወቅ።

ሦስተኛ፣ መብታችንን እንወቅ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በሃይማኖት ምክንያት ሥራ መከልከልን ያግዳል። በ2008 በጎረቤታችን ኦክላሆማ፣ በቱልሳ ከተማ፣ ሳማንታ ኢላውፍ የተባለች የ17 ዓመት ሙስሊም ወጣት ሒጃቧን እንደ ለበሰች በአበርክሮምቢ የልብስ መደብር ቃለ መጠይቅ ተደረገላት። ጠያቂዋ ለሥራው ብቁ ናት ብትልም፣ ሒጃቡ ከአለባበስ ደንቡ ጋር አይሄድም ተብሎ ሳትቀጠር ቀረች። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015 በ8 ለ1 ድምፅ መደብሩ ተረታ። ስለዚህ ሒጃብም ሆነ ማዕተብ አውልቆ መሄድ ግዴታ አይደለም።

አራተኛ፣ ወረቀታችንን እናዘጋጅ። የተቀጠረ ሰው ሥራ በጀመረ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማንነቱንና የሥራ ፈቃዱን የሚያስረዳ ሰነድ ያሳያል። ግሪን ካርድ ብቻውን ይበቃል፤ ወይም መንጃ ፈቃድና ገደብ ያልተጻፈበት የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ አንድ ላይ ይቀርባሉ። ከተፈቀዱት ሰነዶች መራጩ ሠራተኛው እንጂ አሠሪው አይደለም።

በመጨረሻ፣ በአገር ቤት መምህር ወይም መሐንዲስ የነበራችሁ ወገኖቻችን፣ መደርደሪያ መሙላት ክብራችሁን አይቀንስም። ከእኛም ብዙዎቹ የጀመሩት ከዚያ ነው። በዚህ ላይ የሠራችሁ ደግሞ ለአዲስ መጪ ጠያቂ ሆናችሁ አለማምዱ። አንድ ምሽት ብትሰጡ አንድ ቤተሰብ ታቆማላችሁ።

ለሚቀጥለው አሥር ዓመት በሰላም ያድርሰን።