አንድ እፍኝ ባቄላ፤ በአንደኛ ደረጃ መምህራን ምረቃ ላይ የቀረበ ንግግር

ልጅ ምግብን የሚያውቀው በእጁ፣ በአፍንጫውና በምላሱ ነው። ጎመን እንደሚጠቅም በሰሌዳ ላይ የተጻፈለት የ2ኛ ክፍል ተማሪ ለፈተና ሸምድዶ ይመልሳል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ጎመኑን ወደ ምሳ ዕቃው ጥግ ገፍቶ ብስኩቱን ያነሳል። ያው ልጅ ጎመኑን ራሱ ዘርቶ፣ ውኃ አጠጥቶ፣ ቀጥፎ ሲያመጣው ቢያንስ አንዴ ይቀምሰዋል። የጤናማ አመጋገብ ትምህርት የሚቆመው በዚህች ቅምሻ ላይ ነው። አንዴ ቀምሶ መትፋት ጠላ ማለት አይደለም፤ በልጆች አመጋገብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አንድ ልጅ አዲስ አትክልት እስኪለምድ ድረስ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ብዙ ወላጅ በሦስተኛው ሙከራ «ልጄ አይወድም» ብሎ ይተዋል። ትምህርት ቤት የቀሩትን ቅምሻዎች በጨዋታ ሊሞላ ይችላል።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ትርፍ ነገር አይደለም። በብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩ ሕፃናት 58 ከመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2019 ቁጥሩ ወደ 37 ከመቶ ወርዷል። መሻሻሉ ትልቅ ነው፤ የቀረውም ትልቅ ነው። በዚያ ዓመት የተለኩት ሕፃናት ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መንግሥት መቀንጨርን እስከ 2030 ለማስወገድ እ.ኤ.አ. በ2015 የሰቆጣ ቃል ኪዳንን አውጥቷል፤ በ2022 ደግሞ ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያ ታትሟል። መመሪያ ግን በራሱ እግር ወደ ጓዳ አይገባም። ከቢሮ ወደ ጓዳ ከሚያደርሱት መንገዶች አጭሩ ልጅ ነው።

አዲሶቹ መምህራን የሚገቡበት ክፍል ብዙ ጊዜ ቤተ ሙከራም ማብሰያ ክፍልም የለውም። ደግነቱ ይህ ትምህርት ሁለቱንም አይጠይቅም። ለታናናሾቹ ቀለም ጥሩ መግቢያ ነው። ቀይ ሥር ተከትፎ ሲጨመቅ ደማቅ ቀይ፣ እርድ በጥቂት ውኃ ሲበጠበጥ ቢጫ፣ የተወቀጠ የጎመን ቅጠል አረንጓዴ ይሰጣል። ልጆቹ በነዚህ ቀለሞች የቤታቸውን ማዕድ ይሥላሉ፤ ከዚያም በሥዕሉ ላይ ስንት ዓይነት ቀለም እንዳለ ይቆጥራሉ። እንጀራና ሽሮ ብቻ ለሣለ ልጅ የሚጨመርለት ውድ ነገር አይደለም፤ አንድ ቲማቲም፣ ግማሽ ካሮት ወይም ጥቂት ቆስጣ ነው። ቆጠራው ጨዋታ ቢመስልም መሠረት አለው። ካሮት፣ ብርቱካናማው ስኳር ድንችና ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎች ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይዘዋል፤ ይህ ቫይታሚን እጅግ ሲጎድል ልጅ በምሽት ማየት ይሳነዋል፤ ዳፍንት የሚባለው ይህ ነው።

ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብና ምግብ አብረው ይሄዳሉ። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮላ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ በሻይ ማንኪያ 7 ወይም 8 መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከስኳር የሚገኘው ኃይል ከቀኑ ጠቅላላ ከ10 ከመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ልጅ ይህ ከ40 ግራም አይበልጥም። ልጆቹ መለያውን አንብበው፣ አስልተው፣ ስኳሩን በብርጭቆ ሲቆልሉት ምንም ስብከት አያስፈልጋቸውም።

ከሁሉም ፕሮጀክቶች የበለጠ የሚሰጠው ግን ጎንቆል ነው። ባቄላው ሌሊቱን በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ጠዋት ይጠነፈፍና በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይታጠባል። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ነጭ ጭራ ያወጣል። ልጆቹ በየዕለቱ ጭራውን በማስመሪያ ይለካሉ፣ ይሥላሉ፣ በሰንጠረዥ ያሰፍራሉ፤ በመጨረሻ በደንብ ተቀቅሎ ይበላል። ጥሬው ለባክቴሪያ ስለሚያጋልጥ መቀቀሉ አይዘለልም። በጥራጥሬ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አጥብቆ የሚይዝ ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ባቄላው ሲበቅል በውስጡ የሚነቃ ኢንዛይም ይህን ማሰሪያ ያላላዋል። የጤፍ ሊጥ ሲቦካም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። እዚህ ላይ ልጁ አንድ ትልቅ ነገር ይረዳል፦ እናቱና አያቱ ሲያቦኩና ሲያበቅሉ የኖሩት ሳይንስ ያለበት ሥራ ነው። ትምህርት ቤት የቤተሰቡን ዕውቀት እንዲህ አክብሮ ሲነሳ ቤተሰቡ ጆሮ ይሰጣል።

የአያት መዝገብ የሚባለው ሥራም ከዚሁ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ልጅ ከአንድ ታላቅ ዘመድ አንድ ምግብ ጠይቆ በሥዕልና በጽሑፍ ያሰፍራል፤ የክፍሉ ገጾች ተሰፍተው መጽሐፍ ይሆናሉ። በኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት ጾም በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ ስለሆነ ጉልባን፣ ስልጆ፣ የሽምብራ ዓሣና ተልባ መምጣታቸው አይቀርም። ከሙስሊም ቤት የረመዳን ሾርባ፣ ከኮንሶ ቤተሰብ ሽፈራው፣ ከጉራጌ ቤት ቆጮ በጎመን ይመጣል። ይህ መጽሐፍ ከማንኛውም ከውጭ ከመጣ ሰንጠረዥ ይልቅ ለልጆቹ ቅርብ ነው።

ጥቂት ቦታ ያላቸው ትምህርት ቤቶች በአሮጌ የማዳበሪያ ከረጢትና በተቆረጠ ጀሪካን ጎመንና ቆስጣ ሊያለሙ ይችላሉ። ሚኒ ሚዲያ ባለበት ደግሞ ሽሮ፣ ሎሚና ሻይ ገጸ ባሕርያት የሆኑበት አጭር ድራማ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት ይቀርባል። ሎሚው በሽሮው ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ በሩን ይከፍታል፤ ከምግቡ ጋር አብሮ የሚጠጣው ሻይ ግን በሩን ይዘጋል። ታሪኩ እውነት ነው፤ ቫይታሚን ሲ ከዕፅዋት የሚገኘውን ብረት ለመውሰድ ያግዛል፣ የሻይና የቡና ታኒን ያግደዋል። ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ «ሻዩ ትንሽ ይቆይ» ካለ ድራማው ሥራውን ሠርቷል።

ቤተሰብን የማስተማሩ ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙ በጎ ሐሳብ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የልጆች ምሳ ዕቃ በክፍል ፊት ተከፍቶ መወዳደር የለበትም። ደረቅ ዳቦ ይዞ የመጣው ልጅ ያን የያዘው እናቱ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ኪሷ የፈቀደው ያን ስለሆነ ነው። ያፈረ ልጅ በማግስቱ ምሳ ዕቃውን ይደብቃል፣ ያፈረች እናትም ወደ ወላጆች ስብሰባ አትመጣም። ቆጠራ ካስፈለገ የክፍሉ ድምር ይቆጠር፦ በዚህ ሳምንት በጠቅላላው ስንት ዓይነት አትክልት ተበላ? በሚቀጥለውስ? ከቤት እንዲመጣ የሚጠየቀው ነገርም በየቤቱ ያለ መሆን ይገባዋል። ልጆችን በክፍል ፊት መመዘን፣ ወፍራም ቀጭን ብሎ መለየት ጭራሽ አይገባም።

ሌላው ስሕተት ከመምህሩ ኪስ ይወጣል። ጥያቄ ለመለሰ ልጅ ከረሜላ መሸለም በየክፍሉ የተለመደ ነው፤ ስለ ጥርስና ስለ ስኳር አስተምሮ ከረሜላ ማደል ግን ትምህርቱን በዚያው ደቂቃ ማፍረስ ነው። ልጅ የሚያምነው ያየውን ነው። በጃፓን ልጆች የትምህርት ቤቱን ምሳ በየተራ ለጓደኞቻቸው ያድላሉ፣ መምህሩም በዚያው ክፍል አብሯቸው ይበላል፤ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2005 የምግብ ትምህርትን በሕግ ስትደነግግም የምሳ ሰዓቱ ራሱ የመማሪያ ጊዜ ሆኖ ቆይቷል። ምገባ በተጀመረባቸው የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም መምህሩ ከልጆቹ አጠገብ ተቀምጦ አብሮ ቢቀምስ ወጪው ምንም ነው።

የአንድ ፕሮጀክት ውጤት የሚለካው በግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሥዕል ውበት አይደለም። መለኪያው ከሁለት ሳምንት በኋላ በቤት ውስጥ የተለወጠ አንድ ነገር መኖሩ ነው፦ ዘግይቶ የቀረበ ሻይ፣ በሽሮ ላይ የተጨመቀ ሎሚ፣ በመስኮት ሥር የበቀለ ቆስጣ። መምህሩ ይህን የሚያውቀው ልጆቹን በመጠየቅና ወላጆችን በማዳመጥ ነው።

ተመራቂዎቹ በመስከረም ክፍላቸውን ሲረከቡ የትምህርት መርጃ እስኪመጣ፣ በጀት እስኪፈቀድ አይጠብቁ። በመጀመሪያው ወር፣ ከመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ በፊት፣ ልጆቹ ከየቤታቸው አንድ እፍኝ ባቄላ ይዘው እንዲመጡ ይጠይቁ። የሌለው ልጅ ካለ መምህሩ ከራሱ እፍኝ ያካፍለው።