የነፋስ መዘውር ከማን ደጅ ይታያል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የወረደ ሰው ሁሉ በኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን ነጫጭ መዘውሮች ሳያይ አይቀርም። የመጀመሪያዎቹ 34 በ2004 ዓ.ም.፣ ሌሎች 102 ደግሞ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በመካከሉ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ በትግራይ የአሸጎዳዎቹ 84 ተመርቀው ነበር። መንገደኛው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያደንቃል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል። እኔም አድንቄአለሁ። ነገር ግን መንገደኛ አይቶ ያልፋል። ማለዳ በሩን በከፈተ ቁጥር የሚያያቸው ባለአገርስ ምን ይላል? የዛሬው ንግግሬ ስለዚሁ ነው።

ይህን ጉዳይ ሳነሣ አንዳንድ ጓደኞቼ ይስቃሉ። «ሕዝቡ መብራት አጥቶ አንተ ስለ ተራራ መልክ ታወራለህ» ይሉኛል። ሕጉ ግን አልሳቀም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 «አካባቢ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም መሬትንና ውሃን ቆጥሮ አላበቃም፤ ድምፅን፣ ሽታንና ጣዕምን ጨምሮ ሥነ ውበትን እንኳ በስም ጠርቷል። የአካባቢው ሕዝብ አስተያየት በግምገማው ውስጥ እንዲካተትም አዝዟል። ውበት በሕግ ከተጻፈ ዘንድ የሚመዝነው ሰው ሊኖር ይገባል። በበኩሌ የሚያሳስበኝ ሚዛኑን ማን ይይዛል የሚለው ነው።

እንግዲህ ለልምምድ ያህል ከእንጅባራ በላይ ባለው ደጋ ቁመታቸው 150 ሜትር የሚደርስ ሠላሳ መዘውሮች ሊተከሉ ታስቧል እንበል። ታስቧል አላልሁም፤ እንበል ነው ያልሁት። ቁመቱ ግን ከሐሳቤ የፈጠርሁት አይደለም፤ ለአሰላ በተመረጡት 29 መዘውሮች ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ብቻውን ከዳር እስከ ዳር 132 ሜትር ነው። የመጀመሪያዎቹ የአዳማ መዘውሮች ክብ 77 ሜትር ነበር።

ባለሙያዎች ሁለት ነገር ለይተው ይጠይቃሉ። አንደኛው የምድሩ ጠባይ ምን ያህል ይለወጣል የሚል ነው። ሁለተኛው ማን፣ ከየት ቆሞ፣ ምን ያያል የሚል ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሦስተኛ ጊዜ የታተመው የባለሙያዎቹ መመሪያ ሁለቱን ማደባለቅ አይፈቅድም። ምክንያቱም አንድም ተመልካች የሌለው ሸለቆ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል፤ ምድሩ እምብዛም ሳይነካ ደግሞ የአንድ መንደር እይታ ሊበላሽ ይችላል።

መጠኑን ለመገመት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፤ ከዓይን እስከ ጣት ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ የ150 ሜትር መዘውር በጣታችሁ ዘንድ አራት ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። በአሥር ኪሎ ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው ከዳንግላ ተራራና ዛፍ ባይጋርደው እንኳ ከሦስት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ የዳንግላ ሰውና የባንጃ ገበሬ በአንድ ስብሰባ እኩል እጅ ቢያወጡ ፍርዱ ትክክል ነው አልልም።

ቁጥር ግን ሁሉን አይነግርም። ዘንገናን አስቡ። ከገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ዙሪያው በደን የተዘጋ ነው። ከዚያ አፋፍ በላይ ምሰሶው ሳይታይ የክንፉ ጫፍ ብቻ ብቅ፣ ጥልቅ ቢል ከሙሉው መዘውር ይልቅ ያውካል። የሚንቀሳቀስ ነገር ዓይንን በግድ ይጠራልና። እንዲሁም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ሕዝቡ የሚያየው ፈረሱን ብቻ አይደለም፤ ከፈረሱ በስተኋላ ያለውን ሰማይም ነው።

በካርታ ብቻ የሚሠራ ገምጋሚ የሚሳሳትበት አንድ ነገር ደግሞ አለ። በፋግታ ለኮማ መንገድ የሄደ ሰው ግራ ቀኙ በዲከረንስ ተሸፍኖ ያያል። ገምጋሚው «ዛፉ ስለሚጋርደው ከዚህ ቤት መዘውሩ አይታይም» ብሎ ይጽፍ ይሆናል። ነገር ግን ዲከረንስ ለከሰል የተተከለ ነው፤ በአራት በአምስት ዓመት ይቆረጣል። መዘውሩ ሃያ ዓመት ይቆማል። መጋረጃው በየጊዜው ይቀደዳል ማለት ነው። መቼም ዲከረንስ ራሱ የአገሩን መልክ ምን ያህል እንደ ለወጠው የአዲስ ቅዳም ሰው ይመሰክራል፤ ያን ጊዜ ማንም ግምገማ አልጠየቀም። ልዩነቱ ገበሬው በገዛ እጁ፣ በገዛ ማሳው መትከሉ ነው። ሰው ራሱ የለወጠውን እይታና ሌላው የለወጠበትን በአንድ ዓይን አያይም።

ስለ ጭጋጉ ብዙ አልናገርም። በሐምሌ የመጣ ገምጋሚ እንኳን መዘውር የያዘውን ብዕርም አያይ፤ በጥቅምት ይምጣ።

ሌሊቱ ግን የባሰ ነው። ለአውሮፕላን ምልክት እንዲሆን በመዘውር አናት ላይ ቀይ መብራት ይደረጋል። ገና ኤሌክትሪክ ባልገባበት መንደር፣ በኩራዝ የሚያጠና ልጅ በደጁ ሲወጣ ያን ቀይ መብራት ቢያይ ምን ይሰማዋል? በመመሪያው መሠረት ይህ የእይታ ጉዳይ ነው፤ በእኔ አስተያየት የፍትሕም ጉዳይ ነው።

እኔ ነፋስን አልቃወምም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የመመልከቻ ቦታዎቹን ከቢሮ የሚመጣው ሰው ብቻ ሳይሆን የቦታው ሰው ይምረጥ፤ እረኛው፣ ቄሱ፣ ውሃ ቀጂዋ። ከእነዚህም ቦታዎች ፎቶግራፍ ተነሥቶ ገና ያልተተከለው መዘውር በእውነተኛ ልኩ ይሳልበት፤ ከምን ያህል ርቀት ሊታይ እንደሚገባም ከሥሩ ይጻፍ። ሰፊ እይታ በትንሽ ወረቀት ላይ ሲጨመቅ ተራራውም መዘውሩም ስለሚያንስ ሰው ይታለላል።

የጂኦግራፊ ተማሪዎች ከሆንነው ሰባት ሰዎች በመጪው ጥቅምት ከዘንገና አፋፍ እስከ አዲስ ቅዳም ባለው መንገድ አሥር ቦታዎችን ለመመዝገብ ተስማምተናል። የሚያስፈልገን ካሜራ ያለው አንድ ሰውና አገውኛ በደንብ የሚናገሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። የስም መመዝገቢያው ወረቀት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።