የሥራን ሂደት በሥዕል ስለ መንደፍና በኮምፒዩተር ስለ ማስተዳደር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ ባለጉዳይ ማመልከቻውን ለመዝገብ ቤት ካስረከበ በኋላ እየተመላለሰ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ፋይሉ የት ደረሰ?» የሚል ነው። የሚሰጠው መልስም ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እምብዛም አይለያይም፤ «ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ነገ ይመለሱ» ይባላል። የዚህ ንግግር ርዕስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቢሆንም፥ መነሻውም መድረሻውም ይኸው የባለጉዳዩ ጥያቄ ነው።

ሥራን በምልክት ሥሎ የመመርመር ሐሳብ ከኮምፒዩተር የቀደመ ነው። ፍራንክ ጊልብሬዝና ባለቤቱ ሊሊያን የሥራን ቅደም ተከተል የሚያሳየውን ሥዕላዊ ሰንጠረዥ ለአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር። በ1962 ጀርመናዊው ካርል አዳም ፔትሪ በዶክትሬት ጽሑፉ ጎን ለጎን የሚካሄዱ ተግባራት የሚጠባበቁበትንና የሚገናኙበትን ሁኔታ በሒሳብ ለመግለጽ የሚያስችል መሠረት ጣለ። በ2004 ደግሞ ቢ.ፒ.ኤም.ኤን. የተባለው የምልክት ሥርዓት ወጣ፤ ሁለተኛው እትሙ በ2011 ታትሞ፥ በ2013 አይ.ኤስ.ኦ. 19510 በሚል ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ።

የምልክቶቹ ትርጉም ለማንም መሐንዲስ አይከብድም። ክብ የሂደቱን መነሻና መድረሻ፥ አራት ማዕዘን ተግባሩን፥ አልማዝ መሰል ቅርጽ መንገዱ የሚከፈልበትን፥ ቀስት ቅደም ተከተሉን ያመለክታሉ፤ መደቦቹ ደግሞ ሥራው በማን እጅ እንዳለ ይለያሉ። ቀስቱ ከመደብ ወደ መደብ በተሻገረ ቁጥር ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ ማለት ነው፤ ጉዳይ ሊያድርበት የሚችለውም ቦታ ይኸው መሻገሪያ ነው። ሥዕሉ ተሟልቶ ሲዘጋጅ እንደ ካሙንዳና ቢዛጂ ያሉት ፕሮግራሞች ሥዕሉን ራሱን አንብበው ሥራውን ይመራሉ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ተራውን ያሳውቃሉ፥ ቀነ ገደቡ ያለፈበትን ጉዳይ ለኃላፊ ያመለክታሉ፥ እያንዳንዱንም እርምጃ ከነሰዓቱ ይመዘግባሉ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው መልካም ስለሆነ ብቻ ሥራው መልካም አይሆንም። ለምሳሌ በቀን 30 ማመልከቻ የሚቀበልና 30 የሚያጠናቅቅ፥ በማናቸውም ጊዜ ግን 600 ያላለቁ ፋይሎች በእጁ የሚገኙ አንድ ቢሮ ይታሰብ። ጆን ሊትል በ1961 በሒሳብ ባረጋገጠው ሕግ መሠረት፥ በእጅ ያለው ፋይል በዕለቱ ገቢ ሲካፈል አንድ ጉዳይ በአማካይ የሚቆይበትን ጊዜ ይሰጣል፤ ይኸውም 20 የሥራ ቀን ነው። ለአንዱ ፋይል መዝገብ ቤቱ 10 ደቂቃ፥ ባለሙያው 40፥ ፈራሚው ኃላፊ 5፥ ገንዘብ ተቀባዩም 5 ደቂቃ ቢፈልጉ፥ እውነተኛው ሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 20 ቀን 160 ሰዓት ይሆናል፤ ስለዚህ 159ኙ ሰዓት ወረፋ ነው። ወረፋው ሳይነካ ሥራው በኮምፒዩተር በእጥፍ ቢፋጠን ባለጉዳዩ የሚያተርፈው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ማነቆው የባለሙያው ጠረጴዛ ሆኖ ሳለ የተፋጠነው መዝገብ ቤቱ ቢሆን፥ ክምሩ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ አይቀንስም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በኢትዮጵያም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲካሄድ፥ «ዋና የሥራ ሂደት»፥ «ደጋፊ የሥራ ሂደት» የሚሉ ስያሜዎች በየቢሮው ተለመዱ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሥራ በክፍሎች ድንበር ሳይሆን ከባለጉዳዩ ጥያቄ እስከ መልሱ ባለው መንገድ ይመዘን የሚል ነበርና። ነገር ግን በወረቀት ላይ ያለ ሥዕል ራሱን አይቆጣጠርም፤ ጥናቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ በቀረበት ሁሉ የተለወጠው የበሩ ጽሑፍ ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት በአንጻሩ የገቢና የወጪ ንግድ ፈቃድ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ መግቢያ በማገናኘት፥ ሂደቱ ራሱ በኮምፒዩተር ላይ እንዲጓዝ ያደረገ ነው።

እንግዲህ ከባለሙያው ሦስት ነገር ይጠበቃል። አንደኛ፥ ሥዕሉ መመሪያው እንደሚለው ሳይሆን ሥራው በእርግጥ እንደሚሠራው፥ ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጋር አብሮ ተቀምጦ ይነደፍ። ፈራሚው ለስብሰባ ሲወጣ ማን ይፈርማል? የጎደለ ሰነድ ሲመጣ ፋይሉ ወዴት ይመለሳል? ይህን የማይመልስ ሥዕል ያማረ ቢሆን እንኳ ያልተፈጸመ ነው። ሁለተኛ፥ ፕሮግራሙ የሚመዘግበው ሰዓት ይነበብ። ሆላንዳዊው ቪል ፋን ዴር አልስትና ባልደረቦቹ ያዳበሩት የምርመራ ዘዴ፥ ከጉዳዩ ቁጥር፥ ከተግባሩ ስምና ከሰዓቱ ብቻ ተነሥቶ እውነተኛውን መንገድ መልሶ ይሥላል፤ የታቀደውና የተፈጸመው የተለያዩበትም ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሦስተኛ፥ ሥዕሎቹ በጸደቀው የፋይል ቅርጽ ይቀመጡ፤ ያለዚያ መሥሪያ ቤቱ ሻጩን ለመለወጥ በፈለገ ቀን ዕውቀቱ ከሻጩ ጋር ይቀራል።

መዝገቡ ሠራተኛን ለመቅጫ ከዋለ ግን ሰው ሥራውን ሳይሆን ሰዓቱን ማሳመር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ሥዕሉም ቁጥሩም ሐሰት ይሆናሉ። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ወረፋው ነው እንጂ በወረፋው ጫፍ የተቀመጠው ሰው አይደለም።

ክቡራን ባልደረቦች፤ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ሥራው የሚመዘነው ተሻጋሪው በደኅና ሲሻገር ነው። የሥራ ሂደት የሚነድፍም እንዲሁ ነው፤ ባለጉዳዩ «ፋይሉ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ሳያስፈልገው ጉዳዩ አልቆ በእጁ ሲገባ፥ ያን ጊዜ ሥራው ተፈጸመ ሊባል ይችላል።