በዳጋ ደሴት ስላለው የነገሥታት መቃብር የተደረገ ንግግር



በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል ስለ ሕንጻችን ብዙ ተነግሯል፤ እኔ ስለ ሙታናችን ጥቂት ቃል ልናገር።

በጣና ባሕር ውስጥ፥ ከደቅ አጠገብ፥ ዳጋ የምትባል ደሴት አለች፤ ገዳሟም የቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ጠፍቶ፥ ዛሬ የሚታየው በኋላ ዘመን የታነጸ ነው። የዐፄ ይኩኖ አምላክ፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ግን እስከ ዛሬ በዚያ አለ። ዐፄ ፋሲል በ1660 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በጎንደር ያሠሩት ግንብ ጎብኚ ሲበዛበት፥ እርሳቸው በደሴት በሣጥን ተኝተዋል። ሣጥን አፍ የለውም፤ ስማቸውን እየተቀባበሉ ለእኛ ያደረሱ መነኮሳቱ ናቸው።

እኛስ እንዴት ነን? በጣልያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ መርካቶ ከተዛወረ ወዲህ፥ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴና ተሸካሚ ከዘመዱ እንደ ራቀ እዚሁ ዐርፏል። ነጋዴ ዱቤውን በመዝገብ ይጽፋል፤ እድርም አባሎቹን ይጽፋል፤ ደብር ሙታኑን ካልጻፈ ግን የተሸካሚው ስም ከመቃብሩ አፈር ጋር ይጠፋል። ንጉሥ ታሪክ ጸሓፊ አለው፤ ድኻ ያለው ደብሩ ነው።

ስለዚህ ለበዓሉ መታሰቢያ አንድ መዝገብ እንክፈት። የሚያውቁ ሽማግሎች ሳያልፉብን፥ በዚህ ደብር ፍትሐት የተደረገላቸውን ሁሉ ስማቸውን፥ የክርስትና ስማቸውን፥ አገራቸውንና ያረፉበትን ዓመት እናስጽፍ። የፈረሰ ሕንጻ ይታነጻል፤ የጠፋ ስም ግን በምን ይታነጻል?

እግዚአብሔር የሙታናችንን ነፍስ ያሳርፍልን፤ አሜን።