ከጩኸቱ እስከ አምቡላንሱ

(ከእነማይና ከሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ለተውጣጡ የመጀመሪያ እርዳታ ሠልጣኞች ቢቸና ላይ የተደረገ የምረቃ ንግግር)

  

ዕድሜዬን በነርስነት ነው የፈጀሁት። ድንገተኛ ክፍል የሚደርሰው ታካሚ ዕጣው እኩሌታው ተወስኖለት ነው የሚመጣው። የሚወስነው ደግሞ ሐኪም አይደለም፤ አደጋው ሲደርስ አጠገቡ የተገኘው ሰው ነው። ጎረቤት፣ አራሽ፣ እረኛ፣ የባጃጅ ሹፌር። ደሙን አጥብቆ የያዘለት ካገኘ በሕይወት ይደርሳል። በድንጋጤ አንጠልጥለው መኪና ላይ የወረወሩት ሰው ግን የጀርባ አጥንቱ ብቻ ተሰብሮ የነበረው ኅብለ ሰረሰሩም ተጎድቶ ይመጣል። ከጩኸቱ እስከ አምቡላንሱ ያለው ጊዜ የእናንተ ነው፤ የመጣሁትም ስለዚያ ጊዜ ልናገር ነው።

ጎጃም ይህን ጊዜ ባለቤት አሳጥቶት አያውቅም። ቃሬዛን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና፣ መሐሉ በጠፍር ወይም በገመድ የተጠላለፈ። ሰው ሲታመም ጥሪ ይሰማል፤ አራሹ በሬውን አቁሞ ይመጣል። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌሎቹ ለቅያሪ ይከተላሉ። ያለ ምክንያት የቀረ በቃሬዛ ማኅበሩ ደንብ ይቀጣል። ክረምት ላይ መረሬው እግር ሲይዝ፣ የሱሃና የሙጋ ወንዞች ሲሞሉ፣ ምጥ የያዛት ሴት በዚያ ትከሻ ላይ ሆና ጤና ጣቢያ ደርሳለች። ይህን ያመጣ ፕሮጀክት የለም፤ ሰዉ ራሱ የተማማለበት ነው።

ነገር ግን የሕዝብን ጽናት ስናመሰግን መጠንቀቅ ይገባናል። ከሞጣ በኩል የመጣችሁ፣ ሰባራ ድልድይን አስቡት። በዐፄ ፋሲል ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ጎጃሜውና ጎንደሬው በገመድ ተሻገረ። በሁለቱም ጫፍ ጎበዞች ቆመው፣ ገመዱ ላይ የተንጠለጠለውን ሰው ከክፍተቱ በላይ ስበው ያሳልፉታል፤ ከሥሩ ዓባይ ነው። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን አሻጋገር በመጽሔት ፎቶ አይቶ ተነሣ፤ ድልድዩም በ1994 ዓ.ም. ተጠገነ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጎርፍ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከውኃው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ገመድ ሳቢዎቹን ከልቤ አከብራቸዋለሁ። ሆኖም ጉብዝናቸው ድልድዩ ለዘገየበት ለዚያ ሁሉ ዓመት ምክንያት ሊሆን አይገባም ነበር። «ሕዝቡ ራሱ ይወጣዋል» የሚል ኃላፊ ካለ፣ ያ ሕዝብ በገመድ ላይ ስንት ሰው እንዳጣ ይጠይቅ።

መዘግየት እንደሚገድል ጥናትም ይነግረናል። በ1986 ዓ.ም. ታዴየስና ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እናቶች ለምን እንደሚሞቱ ሲያጠኑ ሦስት መዘግየቶችን ለይተው አወጡ፤ ለመሄድ መወሰን፣ መንገዱ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን ማግኘት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው መርሐ ግብር ወዲህ የመጀመሪያውን መዘግየት ቤት ለቤት እየሄዱ ሲታገሉት ኖረዋል። በሁለተኛው ላይ ለየወረዳው አምቡላንስ ተመደበ። በ2003 ዓ.ም. በሀገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት በሚወለዱ በየ100,000 ሕፃናት 676 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 412 ሆነ። ትልቅ ለውጥ ነው። 412ም ግን 412 እናት ናት። ከወለደች በኋላ ደም በኃይል የሚፈሳት ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች፤ ከሩቅ ቀበሌ ሁለት ሰዓት ምን ያህል አጭር እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሕፃኑን ጡት አስይዙ፣ ማሕፀኗ እስኪጠነክር ሆዷን እሹ፣ ሙቀት እንዳይለያት ሸፍኗት፣ መንገዱን ግን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አታዘግዩት።

ትናንት ከሰዓት ሜዳው ላይ ልምምዳችሁን ቆሜ አየሁ። ከሞተር የወደቀ ሰው ሆኖ የተኛውን ልጅ ሁለቱ ጓደኞቹ በብብቱ ገብተው ሊያነሡት ሲሉ አንዷ ሠልጣኝ «እንዳትነኩት! አንገቱ!» ብላ ጮኸች። ተንበርክካ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ቀና ብላ ጣቷን ቀሰረችና «አንተ ባለ ሰማያዊው ሹራብ ደውል! አንቺ መንገዱ ላይ ቁሚ!» አለች። ደስ ያለኝ ይህ ነው። «አንድ ሰው ይደውል» ብትል ኖሮ ሁሉም እርስ በርሱ ተያይቶ ማንም አይደውልም ነበር። ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ የጭነት መኪናውም፣ ቅጥቅጡም፣ ባጃጁም፣ በጉን የሚነዳውም ሰው አብረው ይሄዳሉ፤ ያቺ ልጅ እዚያ መንገድ ዳር ብትገኝ እመኛለሁ።

አንድ ነገር አደራ የምላችሁ የጉድጓድ ጉዳይ ነው። ጉድጓድ የገባ ሰው ድንገት ሲወድቅ ወንድሙ «ልድረስለት» ብሎ ይገባል፣ እሱም ይወድቃል፣ ሦስተኛው ይከተላል። አየር በሌለበት ጉድጓድ ድፍረት አይሠራም። ገመድ ቢታሰርም፣ ከላይ የሚይዝ ሰው ቢኖርም ማንም እንዳይገባ የምትከለክሉት እናንተ ናችሁ። እናቱ እያለቀሰች፣ ሰው እየሰደባችሁ መከልከል ይኖርባችኋል፤ ከሥልጠናችሁ ሁሉ ከባዱ ይህ ይመስለኛል። የተቃጠለ ልጅ ላይ ቅቤና ሊጥ ሊቀቡ የሚመጡትንም እንዲሁ በትሕትና መልሷቸው፤ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት።

ስለ እሳት ካነሣሁ፣ በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶችና ሱቆች የተቃጠሉበትን ቀን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ቁስሉን ለመነካካት አይደለም። እሳት ሲነሣ ባልዲ ይዞ መሮጥ ያለበት ሰው የቤቱን ባለቤት ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ይህን ዛሬ፣ ቄሶቹና ሼኾቹ በተቀመጡበት፣ ቃል እንድትገቡልኝ እፈልጋለሁ። ቀይ መስቀል ራሱ ከዚህ ነው የተነሣው። እ.ኤ.አ. በ1859 ከሶልፌሪኖ ጦርነት በኋላ ሄንሪ ዱናን ያየው፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሴቶች የሁለቱንም ወገን ቁስለኛ ሳይለዩ ሲያስታምሙ ነው። የእኛው ቀይ መስቀል በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመት ኅዳር ላይ ፋሺስት ጣሊያን ደሴ ላይ ምልክቱን ያነሣውን ሆስፒታል ከአየር ደበደበ፣ በታኅሣሥ ደግሞ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድንን ሆስፒታል። ሀገራችን ያን ግፍ ለዓለም ጮኻ ከስሳለች። ስለዚህ በየትኛውም ወገን ያለ ታጣቂ የቁስለኛ መኪና ሲያስቆም፣ አያቶቹ የከሰሱትን ሥራ እየሠራ መሆኑን ይወቅ።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ለእናንተ አጭር ጥያቄ አለኝ። አምቡላንስ በጎማና በነዳጅ እጦት ግቢ ውስጥ ሲቆም ማየት ያሳፍራል። የነዳጁ በጀት ለብቻው ይያዝ፣ ለሌላ ጉዞ አይነካ። እነዚህ ወጣቶች በራሳቸው ነጠላ ደም እንዳያቆሙ ጓንትና ፋሻ ለየቀበሌው ይድረስ። ሥልጠናው በየዓመቱ ይታደስ፤ እጅ ካልተለማመደ ይረሳል።

ተመራቂዎች፣ የምስክር ወረቀቱን ቤታችሁ ከመስቀላችሁ በፊት የምታደርጉት ነገር አለ። ስማችሁንና ስልካችሁን ጽፋችሁ ለዕድር ዳኛው ስጡ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ በር ለጥፉ፣ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አድርሱ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር ነው፤ ከእሱ ጋር የወረዳችሁን አምቡላንስ ሹፌር ስልክ ያዙ። ኔትወርክ የሚይዘው ከየትኛው ጉብታ ላይ እንደሆነ፣ ክረምት መኪናው እስከየት እንደሚገባ፣ ከዚያ ወዲህ ቃሬዛውን የሚሸከሙት እነማን እንደሆኑ የቀበሌያችሁን ሰው ሰብስባችሁ በዚህ ሳምንት ተነጋገሩበት። ዝናቡ ሳይጀምር።