ቀረጡን ማን ነው የሚከፍለው?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ገቢና ወጪ ንግድ ነው። «እኔ ነጋዴ አይደለሁ፣ ምን አገባኝ?» እንዳትሉ። እንደኔ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ለሚፈልግ ወጣት ከዚህ በላይ የሚያገባው ነገር የለም።

ከመሠረቱ እንነሳ። ለውጭ ገበያ የምንሸጠው ወጪ ንግድ ይባላል፦ ቡና፣ ወርቅ፣ አበባ፣ ሰሊጥ። ከውጭ የምንገዛው ደግሞ ገቢ ንግድ ነው፦ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት፣ ማሽን። የምንገዛው ዕቃ ከምንሸጠው በብዙ ይበልጣል። ክፍተቱን የምንሸፍነው ወገኖቻችን ከውጭ በሚልኩት ገንዘብ፣ አየር መንገዳችን በሚያስገባው፣ በብድርና በዕርዳታ ነው። የዶላር እጥረት የሚባለው ነገር ትልቁ ሥሩ እዚህ ጋ ነው።

ቀረጥስ ምንድነው? ዕቃ ድንበር ሲሻገር መንግሥት የሚያስከፍለው ነው። በሂሳብ እንየው። አንድ ዕቃ ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ 1,000 ብር ወጣበት እንበል። የጉምሩክ ቀረጡ 35 በመቶ ከሆነ 1,350 ብር ገባ። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 1,552 ብር ከ50 ሳንቲም። በዚያ ላይ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ ካለበት 1,707 ብር ከ75። ነጋዴው ገና ትርፉን አልጨመረም እኮ! ጉምሩክ ላይ የሚከፍለው አስመጪው ነው፤ ዞሮ ዞሮ ግን ሱቅ ላይ የምንከፍለው እኛው ነን።

ታዲያ ቀረጥ መጥፎ ነው? አይደለም። የአገር ውስጥ አምራች እስኪጠነክር ድረስ ከለላ ይሆነዋል። ግን ብቻውን ፋብሪካ አያቆምም። በ2000 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ጥሬ ቆዳ ወደ ውጭ በሚልክ ላይ 150 በመቶ ታክስ ተጣለ። ሐሳቡ ቆዳው እዚሁ ተለፍቶ፣ ጫማና ቦርሳ ሆኖ እንዲወጣ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ዛሬ ግን በበዓል ማግስት የበጉ ቆዳ ገዢ አጥቶ መንገድ ዳር ተጥሎ ታያላችሁ። ኬሚካል፣ ዶላር፣ የሠለጠነ እጅና ገበያ ካልተሟሉ ታክሱ ብቻውን ለውጥ አያመጣም።

የሌላው አገር ቀረጥስ እኛን ይነካናል? በደንብ! በአጎዋ ዕድል ልብሳችን አሜሪካ የሚገባው ያለ ቀረጥ ነበር። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሉ ተነሳ። ለምሳሌ በጥጥ ቲሸርት ላይ መደበኛው የአሜሪካ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። ይህንን የሚከፍለው አሜሪካዊው አስመጪ እንጂ ሐዋሳ ፓርክ የምትሰፋው እህታችን አይደለችም። ግን ሰውዬው ሂሳቡን ሠርቶ ትዕዛዙን ወደ ሌላ አገር ያዞራል፤ ሥራዋን የምታጣው እሷ ናት። በገበያ አንድ አገር ላይ ብቻ መንጠልጠል አደጋው ይኸው ነው።

ስለዚህ ነገ «ቀረጥ ተጨመረ» ወይ «ቀረጥ ተነሳ» የሚል ዜና ስትሰሙ ለማጨብጨብም ለመሳደብም አትቸኩሉ። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን ይከፍላል? ማን ይጠቀማል? እስከ መቼ? አገር መውደድ ሂሳቧንም ማወቅ ነው።